መጥረቢያ ያስተማራቸው፦ ትዝብት ከዳሞታ ግርጌ

ወደ ሶዶ የሚገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ዳሞታ ተራራ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ ላይ። በአጥር ጥግ፣ በቦረቦር ዳር፣ በጓሮ ጫፍ፣ ከመንገድ ዳር ተከምሮ አይሱዙ እየጠበቀ፣ በግንባታ ላይ ያለ ፎቅ ታቅፎ፣ ባሕር ዛፍ የሌለበት ቦታ የለም። ይህን ሁሉ የጣለ፣ የላጠ፣ የመለመለና የሰነጠቀ ሰው አለ። ሰውየው ሙያውን ከማን እንደተማረ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ዋጋውን ይጠይቁታል፤ መቼ እንደሚጨርስ ይጠይቁታል። እኔ በወላይታ ዞን ስመላለስ የታዘብኩትን እዚህ አስፍሬያለሁ።

*

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በወላይታ ዞን 1,501,112 ሰው ተቆጥሯል። የዞኑ ስፋት ከ4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ከዚያም ላይ ቆላውና ገደሉ ተቀናሽ ነው። በቦሎሶ ሶሬና በዳሞት ጋሌ ደጋ ላይ የአባት ይዞታ ለልጆች ሲከፋፈል የሚተርፈው የእንሰት ጓሮና ጥቂት የቡና እግር ነው። ታናሽየው ምንም ላይደርሰው ይችላል። እንግዲህ አዲስ አበባ ሄዶ ሊስትሮ ይሆናል፣ ወደ ስኳር እርሻዎች ይወርዳል፣ ወይም የሰፈሩን ዛፍ ቆራጮች ተከትሎ ገመድ መጎተት ይጀምራል። ሦስተኛውን መንገድ የመረጡት ናቸው እኔን የሚገርሙኝ። መሬት የሌለው ሰው መሬት ላይ በቆመው ዛፍ ባለሙያ ይሆናል።

*

በዚህ ሥራ መግቢያው መጥረቢያ አይደለም። አዲስ የመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚሰጠው የረገፈውን ቅርንጫፍና ጭራሮ ሰብስቦ መከመር ነው። አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ቅርንጫፍ ሲለቅም በየትኛው በኩል እንደሚበዛ፣ የትኛው ዛፍ ወዴት እንደሚያዘነብል ሳያውቀው ይማራል።

ከዚያ መላጥ ይመጣል። ባሕር ዛፍ በተቆረጠበት ዕለት ልጡ ከላይ እስከ ታች በእጅ ይላቀቃል። ፀሐይ ሁለት ሦስት ቀን ከመታው ግን ከእንጨቱ ላይ ይደርቅና በገጀራ መፋቅ ግድ ይሆናል፤ የአንድ ሰዓቱ ሥራ ግማሽ ቀን ይበላል። ስለዚህ ልጁ ስንት ዛፍ ቢጣል ስንቱን በዕለቱ ልጦ እንደሚጨርስ ማስላት አለበት። የተላጠውም ልጥ አይጣልም፤ አጣናው የሚታሰረው በሱ ነው።

ቀጥሎ መለየት ነው። ማገር የሚሆነው፣ ወራጅ የሚሆነው፣ ቋሚ የሚሆነው፣ ለማገዶ የሚቀረው በዓይን ይለያል። ሜትር አይወጣም። ነጋዴው ሲመጣ የሚከራከረው በዚህ ላይ ስለሆነ፣ ዓይኑ ያልበሰለ ለማጅ ቡድኑን ሁሉ ያከስራል። ይህን አልፎ ሞረድ ይይዛል፤ መጥረቢያና መጋዝ ይስላል። የመጋዙን ጥርስ አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ማዘንበል ያልቻለ ሰው እርጥብ ግንድ ውስጥ መጋዙ ሲነክስበት ያየዋል።

ዛፍ መጣል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንዳንዱ በዓመቱ ይደርስበታል፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይደርስበትም፤ ዕድሜውን ሙሉ ልጦ የሚኖር አለ። ይህን ቅደም ተከተል የጻፈው ሰው የለም። ቢሆንም በቦዲቲም በአረካም በጌሱባም ዙሪያ ያየሁት ተመሳሳይ ነው። ሥርዓተ ትምህርት አለው ማለት ነው፤ የተጻፈ ባይሆንም።

*

ከሶዶ ወጣ ብሎ ቁልቁለት ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሲጥሉ ቆሜ ተመልክቻለሁ። አንዱ ሽበት የጀመረው ነው፤ ሌላው ጢሙን ገና ያላበቀለ ለማጅ።

ሽማግሌው መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀምጦ ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞረው። ግንዱን አልነካውም። ወደ ላይ አንጋጦ ቅርንጫፉ የሚበዛበትን፣ ነፋሱ የሚመጣበትን አየ። ከዛፉ ጀርባ በኩል ያለውን ቁጥቋጦ በእግሩ ረግጦ አስተኛ፤ ዛፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር የሚሸሽበትን መንገድ ማጽዳቱ ነበር። ልጁ፣ "ጋሼ፣ በዚህ በኩል ነው የሚወድቀው?" ብሎ ጠየቀው። "ወደ ላይ እይ እንጂ ወደ እኔ አትይ" አለው።

ከዚያ በሚወድቅበት ጎን በመጥረቢያ አንድ አራተኛ ያህል ፈልፍሎ ሽንቁር ከፈተ። የመጥረቢያውን እጀታ ሽንቁሩ ውስጥ አጋድሞ ወዴት እንደሚያመለክት አየ፤ ትንሽ አስተካከለ። ወደ ጀርባው ዞሮ ከሽንቁሩ ጥቂት ከፍ ብሎ በመጋዝ መቁረጥ ጀመረ። እስከ መጨረሻው ግን አልሄደም። በሽንቁሩና በመጋዙ መካከል ሁለት ጣት የምታህል ስፋት ሳትቆረጥ ቀረች። ልጁ ከዛፉ ቁመት በላይ ርቆ ገመዱን ወጠረ። ግንዱ ተንቋቋ፣ ቀስ ብሎ አዘነበለ፣ ሽንቁሩ እስኪዘጋ እየተመራ ሄዶ ባመለከተው ቦታ ላይ ተኛ።

ሽማግሌው ልጁን ጠርቶ በጉቶው ላይ የቀረችውን የተቀደደች ጭረት አሳየው። "ይቺ ናት ይዛ ያወረደችው። ይቺን የነካህ ዕለት ዛፉ የማንም አይደለም።"

የደን ሥራ መማሪያ መጻሕፍት ይህችኑ ጭረት የግንዱን ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል አድርጋችሁ ተዉ ይላሉ። የሽማግሌው ሁለት ጣት ለዚያ ግንድ ከመጽሐፉ ልክ ብዙም አልራቀችም። መጽሐፉን ግን አላነበበውም፤ ሊያነበውም አይችልም፤ በአማርኛም ሆነ በወላይትኛ ተጽፎ እጁ አልገባም።

*

ወደ አንድ ጎን በጣም ያዘመመ ባሕር ዛፍ ከፊት በኩል ሽንቁር ሳይከፈትለት ከጀርባ ከተቆረጠ፣ መጋዙ መሐል ሳይደርስ ግንዱ ቁመቱን ይዞ ለሁለት ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ግማሽ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ይመጣል፤ የቆራጩ ደረት ደግሞ እዚያው ነው ያለው። ለማጆች ይህን የሚሰሙት በታሪክ መልክ ነው፤ እገሌ እንዲህ ሆኖ እገሌ እንዲህ ቀረ ተብሎ። ታሪኩ ልብ ያስደነግጣል፤ እንዴት እንደሚከላከሉት ግን ሁልጊዜ አብሮ አይነገርም። ምክንያቱን ሳያስረዳ ፍርሃት ብቻ ያስተማረ አለቃ፣ ተማሪውን ግማሽ መንገድ ላይ ትቶታል።

*

የሥራ ላይ ትምህርት አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ አስተማሪዎቹ ሁሉ የተረፉት ናቸው። ያልተረፈው፣ ወይም ወድቆ ወገቡ የተሰበረው ሰው ያወቀውን ለማስተማር አይመለስም። ስለዚህ "እኔ ሃያ ዓመት ያለ ገመድ ወጥቼ ምንም አልሆንኩም" የሚለው ቃል ለለማጁ ማስረጃ ይሆናል። ሶዶ ላይ በአጥንት ቀዶ ሕክምና የታወቀ ክርስቲያን ሆስፒታል አለ፤ የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታልም አለ። ከዚያ በፊት ደግሞ የሰፈር ወጌሻ አለ። ዛፍ ቆራጭ ሲወድቅ ማን ጋ እንደሚሄድ በአብዛኛው የሚወስነው የኪሱ ነገር ነው። በቁርጥ የተዋዋለ ሠራተኛ አሠሪ የለውም፤ አሠሪ ከሌለ የጉዳት ካሳ ከማን ይጠየቃል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም አደገኛ ሥራ ላይ እንዳይሰማራ ይጠብቀዋል። ዛፍ ላይ መውጣት አደገኛ ካልሆነ ምን አደገኛ ሊሆን ነው? በየማሳው ግን ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ላይ የሚላከው ቀላሉ ልጅ ነው፤ ቅርንጫፉ እሱን ይችላል ተብሎ።

*

የኤሌክትሪክ ሽቦ። ክረምት ሲገባ ነፋስ ባሕር ዛፉን ሽቦ ላይ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ከክረምቱ በፊት በመስመሩ ዳር ያለው ይቆረጣል። ለዚህ ሥራ የሚጠሩት እነዚሁ ቆራጮች ናቸው። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የረጠበ ገመድም እንደዚያው። ሽቦውን ሳይነኩ፣ ሽቦውን የነካውን ቅርንጫፍ በመንካት ብቻ ሰው ይሞታል። ለማጁ ይህን ማወቅ ያለበት ከመጀመሪያው ቀን በፊት ነው። ሌላው ሁሉ እያዩ ይለመድ፤ ኤሌክትሪክ እያዩ የሚለመድ ነገር አይደለም፤ ዓይን የሚያየው ነገር የለውምና። እዚህ ላይ የክፍል ትምህርት የግድ ነው እላለሁ።

*

የተማረው ሁሉ ትክክል፣ ያልተማረው ሁሉ ስሕተት የሚመስለው ሰው የአሌክስ ሺጎን ነገር ይስማ። አሜሪካዊ የደን ተመራማሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ተወልዶ በ2006 ዓረፈ። ከእሱ በፊት ባለሙያዎች ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከግንዱ ጋር አስተካክላችሁ ልጩት፣ ቁስሉንም ቀለም ቀቡት ብለው ያስተምሩ ነበር። ሺጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ቁመታቸውን ሰንጥቆ ውስጣቸውን አየ። ዛፍ ቁስሉን እንደ ሰው ቆዳ አያድነውም፤ ዙሪያውን አጥሮ ይዘጋበታል። የሚያጥርበት ጉልበት ደግሞ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚገናኝበት እብጠት ውስጥ ነው። ያን እብጠት ከግንዱ ጋር አስተካክሎ የላጨ ሰው የዛፉን መከላከያ ቆርጦ ጣለለት ማለት ነው፤ ብስባሹ ወደ ውስጥ ይገባል።

በኪንዶ ኮይሻ መንገድ አንድ አዛውንት ከቤታቸው ጎን ያለ ዋንዛ ሲመለምሉ አየሁ። መጋዙን ከእብጠቱ ውጪ አሳረፉት። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ "አንገቱን ከቆረጥክ ግንዱ ይበላል" አሉኝ። ይህን ያወቁት አባታቸው ከመለመሉት ዛፍ ነው፤ የትኛው ቁስል እንደተዘጋ፣ የትኛው ሆዱ ባዶ እንደሆነ ለአርባ ዓመት በየቀኑ በጓሯቸው አይተዋል።

*

ይህን ስል ግን ልማድ ሁሉ እውቀት ነው ማለቴ አይደለም። በየከተማው መንገድ ዳር የተተከሉትን ዛፎች ጫፋቸውን በአንድ ልክ ጨርግዶ ማሳጠር ልማድ ሆኗል። በሁለተኛው ዓመት ከተቆረጠው ጫፍ ላይ ደርዘን ቀንበጥ ይወጣል፤ ሁሉም ላይ ላዩን የተጣበቀ ነው፤ ሲከብድ ይገነጠላል። የቆረጠው ልጅ ከአለቃው ያየውን ነው ያደረገው። አለቃውም ካለቃው። በስሕተት የጀመረ ነገር በሥራ ላይ ትምህርት ከትውልድ ትውልድ እንዲሁ ሳይመረመር ይወርዳል፤ መርማሪው ከውጭ መምጣት አለበት። ዩኒቨርሲቲው፣ የግብርና ኮሌጁ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ጭምር ለዚህ ነበር የሚያስፈልጉን።

*

የዞኑ ትልቁ የዛፍ ሥራ ትምህርት ቤት ሕንፃ የለውም። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ ሁምቦ ይገኛል። ተራራው ተራቁቶ፣ ጎርፉ ማሳ እያጠበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በወርልድ ቪዥን አማካይነት የተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር ከልሎ፣ ችግኝ ከመትከል ይልቅ በአብዛኛው መሬት ውስጥ በሕይወት ያለውን አሮጌ ጉቶ ማስነሣት ላይ ያተኮረ ነው። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ገበሬው ቀጥ ያሉትንና ጠንካሮቹን ጥቂት ይመርጣል፤ ሌላውን ይቆርጣል፤ የተመረጡትን ደግሞ ከታች በኩል ይመለምላል። በየጊዜው ይመለስበታል። ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ የባዮካርበን ፈንድም 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ።

ገበሬዎቹ መጀመሪያ ላይ መሬታችን ሊወሰድብን ነው ብለው ሠግተው ነበር። ሥጋቱ ተገቢ ነበር፤ የሥጋቱ መልስ የመጣው በስብሰባ ብቻ ሳይሆን ጉቶው ሲያቆጠቁጥ በዓይን በመታየቱ ነው።

ዘዴውን በዓለም ያስፋፋው ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒጀር፣ ማራዲ አካባቢ ችግኝ እያስተከለ፣ ችግኙ እየደረቀበት ተስፋ ሊቆርጥ ሲል፣ በረሃ ላይ ቁጥቋጦ የመሰለው ነገር የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ መሆኑን አስተዋለ። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። ሪናውዶ በግብርና የተማረ ሰው ነው፤ ችግኝ መትከልንም እንደ ሙያው ያውቅ ነበር። ያ ያወቀው ሲከሽፍበት ግን ያዳነው ጎንበስ ብሎ እግሩ ሥር ያለውን ማየቱ ነው። የሁምቦ ገበሬም ጉቶ እንደሚያቆጠቁጥ ድሮም ያውቃል፤ ባሕር ዛፉን ቆርጦ እንደገና የሚያበቅለው በዚያው መንገድ አይደለም እንዴ? የጎደለው ያንን እውቀት ለራሱ አገር በቀል ዛፍ የሚያውልበት ዋስትና ነበር፤ ቆይቶ የሚቆርጠው እሱ ራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት። ወረቀት የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው።

*

የቡና ጉንደላ። ያረጀውን ቡና ከመሬት 30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አጋድሞ መቁረጥ፤ ውሃ እንዳይቋጥር። ከሚወጡት ቀንበጦች ሁለት ሦስት ብቻ ማስቀረት። ገበሬው እጁ የሚያመነታው በመቁረጡ ሳይሆን ሁለት ዓመት ያለ ምርት በመቀመጡ ነው። በዚህ ሥራ ጎበዝ የሚባለው ቆራጭ በአንድ ዓመት ሁሉንም የማይጎነድል ነው፤ በየተራ፣ ቤቱ እንዳይራብ አድርጎ። የግብርና ባለሙያው የቁርጡን ልክ ያስተምረዋል፤ ተራውን ግን የቤቱን ሁኔታ የሚያውቅ ያወጣዋል።

*

እንሰት ዛፍ አይደለም፤ ቢሆንም ጓሮውን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ልጨምር። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኛው ቢላዋ ነው። በሽታው የሚመጣው ከባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፈው ለዓለም አሳውቀዋል። መድኃኒት የለውም፤ ያለው መከላከያ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ነው። እናቶች ቢላዋቸውን ለጎረቤት ሲያውሱ ይህን ያስታውሳሉ። ዛፍ መልማዩ ግን መጋዙን ከአንዱ አቮካዶ ወደ ሌላው ሲያሻግር ሲያጸዳ አላየሁም። አንድ ጓሮ ውስጥ ያለ እውቀት አሥር እርምጃ ለመሻገር ሰው ይፈልጋል።

*

ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሴቶች ልጆች አቮካዶ ያዳቅላሉ። ከአገሬው ፍሬ የበቀለውን ችግኝ ጫፉን ይቆርጡና ግንዱን መሐል ለመሐል ይሰነጥቁታል። ከተመረጠው ዘር የመጣውን የእርሳስ ውፍረት ያላት ቀንበጥ ጫፏን ከሁለት በኩል አሹለው ያስገቡበታል። የሁለቱ ልጥ ከአንድ ጎን ቢሆን እንኳ መገጣጠም አለበት፤ ካልተገጣጠመ አይያዝም። በፕላስቲክ ጠፍር አጥብቀው ያስራሉ። ምላጩ እጃቸው ላይ ሲሄድ ዓይን አይከተለውም።

ከመቶው ስንቱ እንደያዘላቸው እያንዳንዷ ታውቃለች። በዚያ ቁጥር ይወዳደራሉ፤ በዚያ ቁጥር ይከባበራሉ። ደመወዝ መክፈያው ላይ ግን የተጻፉት "የቀን ሠራተኛ" ተብለው ነው፤ ውሃ የምታጠጣዋም፣ አፈር የምትሞላዋም፣ የምታዳቅለዋም። ችግኙ ሲሸጥ ዋጋው ካልተዳቀለው ብዙ እጥፍ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የማን እጅ ነው?

*

መጥረቢያውን የሚሠራው ማን ነው? ወላይታ ውስጥ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ለረጅም ዘመን በጋብቻና በማዕድ ተለይተው የኖሩ ናቸው። በሌላው የአገራችን ክፍልም ከዚህ የተሻለ ታሪክ የለንም። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን የሚሳደበውን የሚያስጠነቅቅ አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ዛፍ ቆራጩ እንደነሱ አልተገለለም። ከንቀቱ ግን ድርሻ ደርሶታል፦ በእጅ የሚሠራ፣ በማየት የተማረ፣ ላብ የሚያወጣ ሥራ ሁሉ ትምህርት ያልገባው ሰው ሥራ ነው የሚለው አመለካከት አሁንም በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልጆቻችን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሲገቡ ደስ ብሎን "ልጄ ሙያ ገባ" አንልም። ወደቀብኝ ነው የምንለው።

*

ሲኦሲ። በአገራችን የሙያ ብቃት ምዘና በደረጃ የተከፋፈለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የሚመዘነው ሰው የሚችለው ነገር እንጂ የተማረበት ቦታ አይደለም። በኮሌጅም ተማር፣ በጋራዥም ተማር፣ በአባትህ ጓሮም ተማር፣ ከቻልክ ማስረጃው ይገባሃል። ይህ መልካም ሐሳብ ነው፤ እኔ ከልቤ እደግፈዋለሁ።

ካነጋገርኳቸው ዛፍ ቆራጮች መካከል ግን ተመዝኖ ወረቀት የያዘ አላገኘሁም። አብዛኞቹ እንደሚቻል አልሰሙም። የሰማ አንድ ወጣት ሄዶ ጠይቆ ነበር፤ የትምህርት ማስረጃ አምጣ ተባለ። ዓላማው ማስረጃ የሌለውን መመዘን የሆነ ነገር፣ በር ላይ ማስረጃ ይጠየቅበታል። ወጣቱ ተመልሶ ሥራው ላይ ነው።

ከዚያ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የዛፍ ምንጣሮ ጨረታ ሲወጣ ንግድ ፈቃድና ወረቀት ያለው ያሸንፋል። ያሸነፈው ሰው መጥረቢያ ይዞ አያውቅም፤ ይኸው ወጣት ጋ መጥቶ በቀን ሒሳብ ይቀጥረዋል። ሙያው ከአንዱ፣ ክፍያው ለሌላው። አንድ ዛፍ ቆራጭ እንዲህ አለኝ፦ "ወረቀቱን ለመኩራራት አይደለም የምፈልገው፤ ዋጋዬን ራሴ እንድናገር ነው።"

*

ጣውላ ሰንጣቂዎች በጥንድ ይሠራሉ። ግንዱ ከፍ ብሎ በእንጨት ወጋግራ ላይ ይጋደማል፤ አንዱ ከላይ ቆሞ ይስባል፣ ሌላው ከታች። መስመሩን የሚጠብቀው የላይኛው ነው። የታችኛው ብናኙ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ ለማጁ ሁልጊዜ ታች ነው። በወላይትኛ ጀምረው በአማርኛ እየጨረሱ፣ በትንፋሽ ልክ ይነጋገራሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ጣውላው አንድ ጫፉ ወፍራም አንድ ጫፉ ስስ ይወጣል።

አሁን ሞተር መጋዙ መጥቷል። በቀን የሚያከራዩት አሉ። ቤንዚኑ ላይ ለሁለት ምት ሞተር የሚሆን ዘይት በልኩ ካልተቀላቀለ ሞተሩ ይነክሳል፤ ልኩን ያልተነገረው ልጅ የሰው ንብረት ያቃጥላል፤ ዕዳውን ለመክፈልም በነጻ ይሠራል። የሰንሰለቱ ጫፍ እንጨት ላይ ሲያርፍ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ያዘው ሰው ተፈናጥሮ እንደሚመለስ ደግሞ ከሞተሩ በላይ ሊነገረው ይገባ ነበር። በመጥረቢያ ዘመን የተሠራው የትምህርት ሥርዓት ለዚህ ፍጥነት አልተዘጋጀም። መጥረቢያ ስሕተትህን በእብጠት ያሳይሃል፤ ሞተር መጋዝ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ስለዚህ አከራዩ ከመጋዙ ጋር ጓንትና የዓይን መነጽር የሚያከራይበት፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን የሚያሳይበት ግዴታ ቢኖር ደስ ባለኝ።

*

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ በቢሊዮን እየተቆጠረ ነው። በወላይታም ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ አርሶ አደሩ ወጥቶ ተክሏል፤ የተተከለው ሲጸድቅ ደስ ይላል። የተቀራረበ ችግኝ ግን በአምስተኛው በስድስተኛው ዓመት ካልሳሳ እርስ በርሱ ይቀጫጫል። ካልተመለመለ ጉጥ ይበዛበታል። የትኛው ይቅር የትኛው ይውደቅ የሚለው ውሳኔ ከመትከል የበለጠ ሙያ ይጠይቃል። ለመትከያው ቀን ኮፍያና ቲሸርት ይታተማል። ለማሳሳቱ ሥራ የተመደበ ሰው ስፈልግ ያገኘሁት እነዚያኑ ወረቀት የሌላቸውን ልጆች ነው፤ በቁርጥ፣ በራሳቸው መጥረቢያ።

*

አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለሚመለከተው ሁሉ በግልጽ አቀርባለሁ። ዛፍ ቆራጭን ለመመዘን ክፍል ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም። ጉቶው ይበቃል። የሽንቁሩን ጥልቀት፣ ሳትቆረጥ የቀረችውን ጭረት ስፋት፣ የኋላው ቁርጥ ከሽንቁሩ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ዝቅ ብሎና ተጋድሞ መቆረጡን በሜትር ለክቶ መመዝገብ ይቻላል። ዛፉ የት ሊወድቅ ታስቦ የት እንደወደቀም በእርምጃ ይለካል። የሚሸሽበትን መንገድ አጽድቷል ወይ? የኤሌክትሪክ መስመር ሲያይ ምን ያደርጋል? ይህ በቃል ይጠየቅ፤ በወላይትኛም ይጠየቅ። ከመዛኞቹ አንዱ ከወንዶ ገነት ወይም ከግብርና ኮሌጁ የወጣ ባለሙያ ይሁን፤ ሌላው ከዚያ ሁለት ጣቱን ከሚለካው ሽማግሌ ዓይነት ሰው። ሁለቱ በአንድ ጉቶ ላይ ጎንበስ ብለው ቢከራከሩ ሁለቱም የሚማሩት ነገር አለ።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ድሮ ሐዋሳ ድረስ ይኬድበት የነበረው ጉዳይ አሁን ከዳሞታ ግርጌ እስከ ከተማው መሐል የሚያስኬድ ነው። ለመዛኙ የባጃጅ ሒሳብ ነው። መጥረቢያው፣ ዛፉና ቆራጩ እዚያው ናቸው፤ ቀኑን ይንገሯቸው፤ ገመድና የራስ መከላከያ ቆብ ግን ይዘው ይምጡላቸው።